ተበዳይ ካለ ይነሳ

እኔን ያሳሰረችኝ ፀሐይ ናት። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ፣ እኔንም አሁን አሁን ያስቀኛል። ደሴ ውስጥ አንድ ኮሌጅ የጥንት ሰዎችን አስተሳሰብ አስተምር ነበር። የግሪኮቹ ነገር ሲነሳ፣ ከጠቢባኖቻቸው አንዱ ፀሐይ እንኳን ከተሰጣት ልክ አታልፍም፣ ብታልፍ የፍትሕ ዘበኞች አሳደው ይይዟታል ብሎ ያስብ እንደነበር ለክፍሉ ነገርኩ። ለእነሱ ተፈጥሮ ራሷ ዳኛ ናት፤ የበዛው ይቀነሳል፣ የበደለ ይከፍላል፣ በጋ የወሰደውን ክረምት ያስመልሳል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ጠመኔ ይዞ ጥላ ውስጥ ለቆመ ሰው በጣም ደስ ይላል።

በሳምንቱ ፒያሳ ምሳዬን እየበላሁ ሁለት ሰዎች መጥተው ግራና ቀኜ ተቀመጡ። አንደኛው "አይደንግጡ መምህር፣ ለአጭር ጥያቄ ነው" አለኝ። አመንኩት። ጃኬቴን ወንበሩ ላይ እንደተሰቀለ ትቼው ሄድኩ፤ ተመልሼ የምወስደው መስሎኝ ነው እኮ።

ምርመራው ላይ "ፀሐይ ያልከው ማንን ነው?" ተባልኩ። ፀሐይን ነው አልኩ። ጥፊ። ዘበኞቹስ እነማን ናቸው፣ የት ነው ያሉት፣ ማን ነው የሚያስታጥቃቸው ተባልኩ። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ሰው ያሰበው ነው፣ እሱም ሞቷል አልኩ። ሌላ ጥፊ። በነጋታው ከሌሎች ጋር በጭነት መኪና ቁልቁለቱን አውርደው ኮምቦልቻ አራገፉን።

የገባንበት እስር ቤት አልነበረም፤ የእህል መጋዘን ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የነቀዝ መድኃኒትና የሰው ላብ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሰዎቹ ታዩኝ፤ እግራቸውን ሰብስበው፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው የተቀመጡ። ለደሴ ሰው የኮምቦልቻ ሙቀት ድሮም አይስማማውም፤ ቆርቆሮ ሲጨመርበት ደግሞ አያድርስ ነው። እኩለ ቀን ላይ ግድግዳውን በእጅ መንካት አይቻልም። ውሃ ጠዋት በጀሪካን ይገባል፤ ለሁሉም ሲካፈል ጉሮሮ ከማርጠብ አያልፍም።

ከግድግዳው ራቅ ብሎ የሚሻል ቦታ የሰጡኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ከደሴ ዙሪያ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ አበጋር። አበጋር በእኛ በወሎ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቅ፣ ሽምግልናው ከአባቱ የወረደለት ሰው ነው። የታሰሩትም በማስታረቅ ነው፤ ካስታረቋቸው ቤተሰቦች የአንደኛው ልጅ ጫካ ገብቶ ኖሯል። "ወላሂ እኔ እናቱን ከጎረቤቷ አስታረቅሁ እንጂ እሱን የት አውቄው" ይሉ ነበር። ኩሩ ናቸው፣ ግትርም ናቸው። በዚያ ቆሻሻ ውስጥ ሽርጣቸውን በየጠዋቱ አራግፈው አስተካክለው ካልታጠቁ ሰው አያናግሩም። እኛ አባባ እንላቸው ነበር።

ሁለተኛው ደሴ ውስጥ ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ቀጭን፣ ዓይናማና ተረበኛ። ለምን እንደታሰሩ የነገራቸው ሰው የለም፤ ስንጠይቃቸው "እስኪያስቡት ጊዜ ስጧቸው እንጂ" ይሉናል። የስኳር በሽታ አለባቸው። በየቀኑ መርፌ ካልተወጉ አይሆንላቸውም። ሚስታቸው መድኃኒቱን በረዶ ባለበት ትንሽ ሰማያዊ ፔርሙስ አድርጋ ከደሴ በሚኒባስ ትመጣለች፤ ዘበኞቹ በር ላይ ተቀብለው ደስ ሲላቸው ያስገባሉ፣ ደስ ሳይላቸው እዚያው የዘብ ቤቱ መስኮት ላይ ያስቀምጡታል። በቆርቆሮው ቀዳዳ ፔርሙሱ ይታያል። መሪጌታ ቀዳዳው አጠገብ መቀመጥ ትተው ነበር፤ ማየቱ ይብሳል ብለው።

ለምን እንደታሰርኩ ስነግራቸው መሪጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ወሬያችን እሱ ሆነ፤ ሌላ ምን ሥራ አለን። መሪጌታ እንዲህ ብለው አስረዱን፦ ግሪኮቹ ዳኛውን እዚያው ፀሐይና ነፋስ ውስጥ አስቀመጡት፤ ዕብራውያኑ ግን ዳኛውን ከፀሐይ በላይ አወጡት፤ ፀሐይም ዝናብም መልእክተኞቹ ናቸው፤ ምድሪቱም የንጹሕ ደም ስትጠጣ ትጮህለታለች። አባባ ይሄ ደስ አላቸው። እኛም አገር እንደዚያው ነው አሉ፤ ደሙ ያልደረቀበት ቀበሌ ዝናብ ይርቀዋል፣ ሰማይ የሚዘጋው በሰው በደል ነው።

"አይ፣ በእነሱ ዘንድ ሌላም ነገር አለ" አሉ መሪጌታ። አንድ ጻድቅ ሰው ልጆቹንም ከብቱንም አጥቶ፣ ገላው ቆስሎ፣ አመድ ላይ ተቀምጦ ምን በደልኩ ብሎ ፈጣሪውን ሞገተ። ፈጣሪ ሲመልስለት ስለ በደልና ስለ ቅጣት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሰው በማይኖርበት በረሃ ላይ ስለሚወርደው ዝናብ ነገረው። ዝናቡ ለአንተ ሲባል ብቻ የሚመጣና የሚቀር አይደለም ማለት ነው።

አባባ ፊታቸው ተለወጠ። ያንን ሰው እኛም እናውቀዋለን፣ በእኛ ዘንድ ግን ታገሠ እንጂ አልተሟገተም አሉ። መሪጌታ የእኛም መጀመሪያ ታግሦ ነበር ብለው ፈገግ አሉ።

"ያም ሆነ ይህ፣ የነገሩኝ መልስ አይደለም" አሉ አባባ።

"አይደለም። እኔም የምወደው መልሱን አይደለም። ሰውዬው እስኪሰማ ድረስ ዝም አለማለቱን ነው።"

እንዲህ እያልን ሐምሌ ገባ፤ ዝናብ ግን የለም። ጣሪያው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ሐምሌ ተጋመሰ። ዘበኞቹ እርስ በርስ የሚያወሩት እሱኑ ነው፤ ማሽላው ጉልበት ላይ ደርሶ ጠውልጓል፣ ከብቱ ሣር ፍለጋ ወደ ደጋን በኩል እየተነዳ ነው፣ እዚያም የለም። አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። ኃላፊያቸውም የገበሬ ልጅ ነው። አባቱ ከከተማው ዳር ያርሳሉ። ይህ ኃላፊ ጎልማሳ፣ ንጹሕ ጫማ የሚወድ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ሰው ሲያስመታ ወንበር አስመጥቶ ተቀምጦ ያያል። አባባን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኛቸው "አንተ ሽማግሌ፣ ተነስ" ብሎ ሽርጣቸውን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ ነበር።

አንድ ቀን ግን በሩን ራሱ ከፍቶ ገባና አባባ ፊት ቁጢጥ አለ። ያን ቀን እርስዎ አላቸው። የአባቱ ቀበሌ ሰዎች ለዝናብ ዱኣ መደረግ አለበት እያሉ ነው፣ የሚያምኑት ደግሞ የእርስዎን ዱኣ ነው፤ ግቢው ውስጥ እናድርገው፣ ገበሬዎቹም ይምጡ፣ እናንተም አሚን ትላላችሁ አለ። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞሮ አያቸውና የእኚህም መድኃኒት ያን ቀን ይገባል፣ ከዚያ በኋላም በየቀኑ ይገባል አለ። ይህን ሲል ድምፁ የደግ ሰው ድምፅ ነበር።

መሪጌታ መርፌ ካገኙ ቀናት አልፈው ነበር። ውሃ ይጠማቸዋል፣ አይረኩም። የእኛን ድርሻ እየሰጠናቸው ሁሉ አፋቸው እንደደረቀ ነው። ያስመልሳቸዋል። ትንፋሻቸው የበሰለ ሙዝ ይሸታል። ተረቡ ቀርቶ ነበር፤ ለእኔ ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው።

አባባ አይሆንም አሉ። ኃላፊው ከወጣ በኋላ ምክንያቱን ነገሩን። በአገራቸው ሥርዓት ሽማግሌው ዱኣ ከመጀመሩ በፊት ለተሰበሰበው ሕዝብ ሦስት ጊዜ "ተበዳይ ካለ ይነሳ" ብሎ ይጠይቃል። የተነሳ ካለ በደሉ ይሰማል፣ ይካሳል፣ ይታረቃል፤ ያ ሳይሆን ማንም እጁን ወደ ሰማይ አይዘረጋም። ይህን ከአያቶቻቸው ጀምሮ አንድም ሰው ዘሎት አያውቅም። አሁን እስረኞች መሐል ቆሜ ተበዳይ አለ ወይ ብዬ ልጠይቅ? የእብድ ጨዋታ ነው አሉ።

እኔ ተናደድኩ። ትልቅ ሰው ናቸው ብዬ አላፈርኩም። ዝናብ ከባሕር የሚመጣ ደመና ነው፣ ዱኣም አይሰማ በደልም አያይ፣ ምን ቸገረዎት፣ ቃሉን ይበሉትና መድኃኒቱ ይግባ አልኳቸው። ሰው እየሞተ ሥርዓት ይጠብቃሉ ወይ አልኳቸው።

"ሥርዓቱን ካልጠበቅሁማ ምን ቀረኝ ልጄ? ሽበት ብቻ ነው የምሆነው" አሉኝ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙናል፣ አንዳችንንም አልደገፉም። ከሰዓት በኋላ ጀሪካኑ ላይ ተደፍተው ሲያስመልሱ ግንባራቸውን ይዘው የቆዩት አባባ ናቸው። አስተኝተዋቸው ሲያበቁ ሽርጣቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩና፣ ኃላፊውን እሺ በለው አሉኝ። ጥያቄውን ግን አልተውም፤ ካልጠየቅሁ ዱኣ አይደለም።

ይኸ ቀላል ነው አልኩ በልቤ። ሽማግሌው ይጠይቁ፣ የሚነሳ ሰው አይኑር፣ አለቀ። መጋዘኑን ዞሬ ለእያንዳንዱ እስረኛ ነገርኩ፤ ስትጠየቁ ማንም እንዳይነሳ፣ የሰውዬው ሕይወት ነው። ሁሉም እሺ አለ። ጣቶቹን የሰበሩት አንድ ሹፌር ነበር፤ እሱ እንኳን በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን እያየ "ለመሪጌታ ሲባል እቀመጣለሁ" አለ። አባባ ስዞር አይተውኛል፤ ምን እንደምሠራም ገብቷቸዋል። አልከለከሉኝም።

ዱኣው አርብ ቀን ሆነ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ። ግቢው ውስጥ ሸራ ተነጠፈ። ገበሬዎቹ በአንድ ወገን ተቀመጡ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አለበት፤ በእኛ አገር ለዝናብ ሲሆን ሁሉም መጥቶ አሚን ይላል። የኃላፊው አባት ፊት ላይ ናቸው፤ ከሲታ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ። እኛ በሌላው ወገን ተደረደርን። ዘበኞቹ መሣሪያቸውን ይዘው ከኋላችን ቆሙ። መሪጌታን እኔ ደግፌ አውጥቼ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ኃላፊው ጠረጴዛ አስመጥቶ ፔርሙሱን እላዩ ላይ አኖረው፤ ሁላችንም እንድናየው። ፀሐይዋ ልክ እንደሌላው ቀን ነበረች።

አባባ ተነሱ። ድሮ በስብሰባ ላይ እንዴት ይናገሩ እንደነበር የነገሩን ሰዎች ድምፃቸው ሸንተረር ይሻገር ነበር ብለውናል። ያን ቀን ግን መሬት መሬት እያዩ፣ ቶሎ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማቸው የፈለጉ ይመስል ነው የጠየቁት።

"ተበዳይ ካለ ይነሳ።"

ዝም አልን። ገበሬዎቹ ወደ እኛ ያያሉ። አንዳንዶቻችን ፊታችን ያበጠ ነው፤ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። የኃላፊው አባት ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ተበዳይ ካለ ይነሳ።"

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። እኔ ፔርሙሱን እያየሁ አንድ ብቻ ቀረ፣ አንድ ብቻ ቀረ እላለሁ።

አባባ ሦስተኛውን ጠየቁ። መሪጌታ ያኔ እጄን ያዙኝ። እጃቸው ይግላል።

"አንሳኝ" አሉኝ።

አይሆንም አልኳቸው። በጆሯቸው፣ መሪጌታ በማርያም፣ ለእርስዎ ነው እኮ፣ ሁሉም ለእርስዎ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ ትንሽ ይታገሡ አልኳቸው። እጄን ለቀው በሁለት መዳፋቸው መሬቱን ተደግፈው ለመነሳት ሞከሩ፤ ክንዳቸው ከዳቸውና በደረታቸው ወደቁ። እንደገና ሞከሩ። ሰው እንዲያ ሲሆን ቁጭ ብሎ ማየት አይቻልም። ብብታቸውን ይዤ አነሳኋቸው።

"እኔ ተበድያለሁ" አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ተሰነጣጥቋል፣ ግን ይሰማል። "በምን እንደታሰርኩ አላውቅም። መድኃኒቴ ያ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው። ሚስቴ በመጣች ቁጥር በር ላይ ትሰደባለች። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ለእኔ ብላችሁ ተቀመጡ ተብለው ነው እንጂ፣ ሁሉም ተበዳይ ናቸው።"

ሹፌሩ ተነሳ። ከዚያ አጠገቡ ያለው ተነሳ። ከዚያ ማን ቀድሞ ማን እንደተከተለ አላየሁም፤ እስረኛው ሁሉ ቆሟል። ዘበኞቹ መሣሪያ አቀባበሉ። ኃላፊው በእጁ ምልክት አስቆማቸው፤ ገበሬዎቹ እያዩ ነው።

አባቱ ተናገሩ። "አንተ ልጅ፣ ሰውዬው ተነስቷል እኮ። ይሰማ እንጂ።"

ያ ሰው ሲደነግጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጆሮው ቀላ። ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደና ፔርሙሱን ከፈተ። በረዶው ቀልጦ ውሃ ሆኖ ነበር፤ ውሃውን መሬት ላይ ደፋው። ትንንሾቹን ጠርሙሶች በመዳፉ ይዞ ለመሪጌታ አሳያቸው፣ ሰው ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚያሳይ። ከዚያ እግሩ ሥር ጣላቸውና በዚያ በንጹሕ ጫማው ረገጣቸው። ሲሰበሩ ድምፃቸው ትንሽ ነበር።

"ተሰማ" አለ። "ይቀጥሉ ዱኣውን።"

አባባ አልቀጠሉም። እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ኃላፊው ቢጠብቅ ቢጠብቅ ዝም ስላሉት ራሱ ቀና ብሎ፣ አምላክ ሆይ ዝናብ ስጠን፣ በቃ፣ አሚን በሉ አለ። ወደ ገበሬዎቹ ዞሮ ነው ያለው። ተያዩ። ከዚያ አንድ ሁለቱ በአፋቸው ውስጥ አሚን አሉ፤ ከዚያ ሁሉም አሉ። አባቱም ከዘራቸውን እያዩ አሚን አሉ። ማሽላቸው እየተቃጠለ ነበር። በእነሱ ለመፍረድ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ አንዳንድ ቀን ይሆንልኛል።

እኛን እየመቱ አስገቡን። አባባን እግራቸውን ነው ለይተው የመቷቸው።

ከዚያ ዘነበ። በዚያው ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳትገባ። መጀመሪያ ነፋሱ የግቢውን አቧራ አስነሳ፤ ከዚያ ጣሪያው ላይ አንድ፣ ሁለት፤ ከዚያ ቆርቆሮው አንድ ላይ ጮኸና እርስ በርስ መሰማማት አቃተን። ውጭ ዘበኞቹ እየሳቁ ይሯሯጣሉ። አንዱ ይዘፍናል። እንደዚያ የሚያምር ዝናብ አይቼ አላውቅም፣ እንደዚያም ዝናብ ጠልቼ አላውቅም። ክፍል ውስጥ ያስተማርኩት ሁሉ ትዝ አለኝ፤ ልክ፣ ሚዛን፣ ዘበኞቹ። የት አሉ? አባባ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፍነው ተቀምጠዋል። ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ አይዞዎት አልኳቸው። ከእኔ በላይ የተጎዱት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ሲጀመር ከሰማይ ምንም አልጠበቅሁም።

"ለማን ነው የዘነበው?" አሉኝ። "ንገረኝ እስኪ፣ ለማን ነው?"

ጣሪያው በአንድ ጥግ ያፈስሳል። የተቆረጠ ጀሪካን ደቀንበትና ሞላ። ከታሰርን ጀምሮ ያን ያህል ውሃ በአንድ ላይ አላየንም። ለመሪጌታ አጠጣናቸው፤ ሁለተኛውን ጉንጭ መዋጥ አልቻሉም። ትንፋሻቸው ጥልቅና ፈጣን ሆኗል። አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው ጣሪያውን ሰሙና ወደ እኔ አዩ። የሚስቁብኝ መሰለኝ። ሲነጋጋ ሞቱ።

ኃላፊው ጠዋት መጣ። ጫማው ጭቃ ነክቶታል፣ ግን ግድ አልሰጠውም፤ ደስ ብሎታል። አባባን ዱኣዎ ደረሰ እኮ አላቸው። ያባቴ ማሽላ ቀና ብሏል፣ ይገርምዎታል አለ። አባባ የምናጥበው ሰው አለንና ውሃ አስገባልን አሉት። ሬሳውን አየ። ዝናብ ሰጠኋችሁ አይደል እንዴ ብሎ ወጣ። መኪና እስኪመጣ ሬሳው እዚያው እንዲቆይ ማዘዙን ከውጭ ሰማነው።

ያለን ውሃ የጀሪካኑ ብቻ ነው። ከሰዓት ቆርቆሮው እንደሚግል፣ ያ ውሃም ለተጠማ ሰው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አባባ ማንንም አላስገደዱም፤ ጀሪካኑ አጠገብ ቆመው ጠበቁ። ሹፌሩ በተሰበረ እጁ ገፋ አደረገላቸው። የከለከለ የለም።

መሪጌታን ያጠብናቸው ክርስቲያኖቹ ነን። ውሃውን ያፈሰሱልን ግን አባባ ናቸው። በተመታ እግራቸው ተንበርክከው፣ በቆርቆሮ ጣሳ፣ አንዲት ጠብታ ሳያባክኑ። ፊታቸውን፣ እጃቸውን፣ ያን ሲነሱ መሬቱን የተደገፉበትን መዳፍ። መዳፉ ላይ የግቢው አቧራ ገና ነበር። እኔ ነኝ ያጠብኩት። ከጨረስን በኋላ አባባ ሽርጣቸውን ፈተው ገነዟቸው። እሳቸው ከዚያ ወዲያ እስከምንፈታ ድረስ ሌላ ሰው በሰጣቸው አሮጌ ሱሪ ነው የቆዩት። እኚያ የሽርጣቸውን ጠርዝ በየጠዋቱ የሚያስተካክሉ ሰው።

የዚያ ዓመት አዝመራ በኮምቦልቻ ዙሪያ ጥሩ ነበር። ኃላፊው ምንም አልሆነም፤ አድጎ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ሲባል ሰማሁ። እኔ ተመልሼ አስተምራለሁ። የግሪኮቹ ነገር ሲደርስ አልዘለውም፤ ያሰቡትን እነግራቸዋለሁ፣ ዕብራውያኑም ያሰቡትን እነግራቸዋለሁ። ባለፈው አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ እርስዎስ የትኛው ልክ ነው ይላሉ አለችኝ። የዝናቡን ነገር አላውቅም አልኳት።

አባባ በሕይወት አሉ፣ እግራቸው ግን ከዚያ ወዲህ እሺ አላላቸውም። ባለፈው ክረምትም ዝናብ ዘገየ። የሰፈራቸው ሰው ዱኣ ሊያደርግ ነው፣ አባባ እንድትመጣ ይፈልጋሉ ብለው ላኩብኝ። በሚኒባስ ደሴ ዙሪያ ወርጄ ቀሪውን በእግር ሄድኩ። ሕዝቡ የታረሰ ማሳ ዳር ተሰብስቧል። አባባ መቆም ስለማይችሉ አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው እንድቀመጥ ጠሩኝ። አዲስ ሽርጥ ታጥቀዋል። ደመናው ከጠዋት ጀምሮ እየተሰበሰበ ነበር፤ ሰዉም አይቶታል፣ ቶሎ ይጀመር የሚል ፊት ነው ያለው።

አንድ ጊዜ ጠየቁ፣ ማንም አልተነሳም። ሁለተኛ ጠየቁ። ድምፃቸው ያን ቀን ሸንተረር ይሻገር ነበር። ሦስተኛ ጠየቁ። ሰዎቹ እጃቸውን ለዱኣ መዘርጋት ሲጀምሩ አባባ እጄን ያዙኝ።

"አንሳኝ" አሉኝ።

ብብታቸውን ይዤ አነሳኋቸው። ቀላል ሆነዋል። ለሰፈራቸው ሰው፣ አንድ የደሴ መሪጌታ ነበሩ አሉ፤ መነሳት ስለማይችሉ እኔ ተነስቼላቸዋለሁ፣ በደላቸው ገና አልተካሰም። ከመታሰራቸው ጀመሩ። ሚስታቸውን ጠቀሱ፣ ሰማያዊውን ፔርሙስ ጠቀሱ። ቸኮል አላሉም፤ የሹፌሩን ጣት ሳይቀር ተናገሩ።

መሐል ላይ ሳሉ ዝናቡ መጣ። ዱኣው ገና አልተጀመረም፣ አሚን ያለ ሰው የለም። ጠብታው ትልልቅ ነው፤ አቧራው ላይ ጠብ ጠብ ይልና ወዲያው ጭቃ ሆነ። ሴቶቹ ሻሻቸውን ወደፊት ሳቡ፣ አንድ ሰው ልጁን ጋቢው ውስጥ አስገባ። ለመሄድ የተነሳ ግን አልነበረም። ውሃው በአባባ ሽበት ላይ ይወርዳል፣ እኔም ክንዴ እየዛለ ይዣቸዋለሁ። ወደ ሰማይ ቀና ብለው አላዩም። ገና እየተናገሩ ነበር።